የቪላ ኢሳውራ ስም አዋሾች

ነይ አበልጄ፣ ግቢ፣ ግቢ! እዚህ ቁጭ በይ፤ መስኮቱ ሥር ትንሽ ነፋስ አለ። ሙቀቱን ምን ነካው ዛሬ? ሐሙስ አይደል? የሐሙስ ፖሶሌ ሾርባሽን ጥደሽ መጣሽ ወይስ ባልሽን ገበያ ውጣና ብላ አልሽው? … እሰይ፣ ደግ አደረግሽ፣ አንዳንዴ እንዲህ ነው። ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው የምቆርጥልሽ ሆቪታ። ያንቺ ፀጉር እንደሆነ እንዳንቺው ነው፤ ማጭበርበር አያውቅም፤ ሸበተ ሲባል ሸበተ ነው።

ድምፅሽን ምን አስቀነሰሽ? እዚያ ካስኩ ሥር የተቀመጡትን እመቤት አይተሽ ነው? ኧረ አይሰሙንም! ያ ካስክ ሲጮኽ የጀልባ ሞተር ነው የሚመስለው። ማታ ትልቅ ግብዣ አለባቸው፤ ፀጉራቸውን ቀለም ቀብቼ በቢጎዲን ጠቅልዬ አስገብቻቸዋለሁ። ቀለሙ እስኪይዝ ንቅንቅ የለም። አሁን ቢነሱ ፀጉራቸው አረንጓዴ ሆኖ ነው እንግዳ የሚቀበሉት … እመቤቴ፣ ተመቸዎት? … አየሽ፣ አልሰሙኝም።

እና እንዴት ነው? ነገ ጠዋት ስምሽን ልታውሺ ነው አሉ። ለቪላ ኢሳውራ። እግዜር ያክብርሽ! ለማን እንደምታውሺ አልጠየቅሁሽም። እኔን «ኔሬይዳ ወሬኛ ናት» ይሉኛል፤ እኔ ግን ሰው አላማም። ስለ ቤት ብናወራ ምን አለበት? ቤት አይቀየምም።

ያንን ቤት መጀመሪያ ማን ሠራው? ጄኔራሉ። ለሚስቱ እንዳይመስልሽ፤ ሚስቱን የባሕር አየር አይስማማትም ነበር፣ ወይ አይስማማሽም ተብላ ነበር። ኢሳውራ ለምትባል ዘፋኝ ነው። እብነ በረዱን ከባሕር ማዶ አስጭኖ፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተጋድማ መርከብ እንድታይ ግድግዳውን መስታወት አድርጎ … ሰውየው ሌባ ነበር፣ የሞተን ሰው ምን ልዋሽለት። ግን በግልጽ ነበር የሚሰርቀው፤ በቀን፣ በወታደር ታጅቦ። አሁን ያን ድፍረት ከየት ታመጪዋለሽ? አሁንማ ሰው ሲሰርቅ እየሳመ ነው።

እሱ በአውራ ዶሮ ግጥሚያ ተበልቶ ቤቱን ለኮኮናት ነጋዴው ለዶን ፋኩንዶ አስረከበ። ዶን ፋኩንዶ ደግሞ የመደነሻውን አዳራሽ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ማስጫ ነው!» አለ። እብነ በረዱ ላይ ኮኮናት አሰጣበት! ሽታው ቅዳሴ መሃል ድረስ ይገባ ነበር ትል ነበር እናቴ። ይስቁበት ነበር፣ ባላገር ነው ይሉት ነበር … ይበሉት። እሱ ያሰጣው ኮኮናት ነው። ሰው አላሰጣም።

ቀጥሎ የዴንማርኩ ሰውዬ ዶን ሆልገር ገዛው። ያ ቀይ አፍንጫ፣ ቀኑን ሙሉ የባሕር ሥዕል ሲስል የሚውለው። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ የውጭ ሰው ባሕር ዳር መሬት በስሙ አይዝም። እኛ አገር ደግሞ ሕግ ሲከለክል ጎረቤት ስሙን ያውሳል። ግማሹ ባሕር ዳር በአትክልተኛና በሞግዚት ስም አይደል የቆመው? ዶን ሆልገርም ወጥ ቤቱን እትዬ ቶማሳን፣ «ስምሽን አውሺኝ» አላቸው። አዋሱት።

አቤት እኚያ ሴትዮ! በወረቀት የቪላ ኢሳውራ እመቤት፣ በኑሮ ከማጀት ጀርባ በምትገኝ አንዲት ክፍል። ሳሎን ገብተው ተቀምጠው ያውቃሉ? ወንበሩን ይወለውሉታል እንጂ አይቀመጡበትም። ሰዉ፣ «በስምዎት አይደል? ይሽጡት፣ ማን ምን ያመጣል?» ሲላቸው ምን ይሉ ነበር? «እዚያ የተቀመጠው ስሜ ነው፤ እሱን አቆሽሼ ማን ተብዬ ልጠራ ነው?» ሞኝ አትይም? አሁን እንዲህ ያለ ሞኝ ጠፋ፤ ዕድሜ ለተማሩት።

ሰውየው ሊሞት ሲል ዘመድ የለው፣ ልጅ የለው፤ ቄሱንና ጎረቤቱን ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ በወረቀትም በእውነትም ያንቺ ነው» አላቸው። ቤቱ የራሳቸው ሆነ። ያን ቀን እንኳ ሳሎን የተቀመጡት ሬሳውን ለመጠበቅ ነው።

ከዚያማ … ዘመድ መጣ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባል የለ? የእህታቸው ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ስም በዚህ ከተማ ውድ ነገር ሆኗል። እንዴት ያለች ርኅሩኅ መሰለችሽ! እናቷ ስትታመም መንገዱ ጠፍቷት የነበረች ልጅ፣ ቤቱ የአክስቷ መሆኑን በሰማች ሰሞን በአካፑልኮ አውቶቡስ ከች አለች። ደም አይደል? ይስባል። «አክስቴ፣ ደክሞዎታል» አለቻቸው፣ «ግብሩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሰልፉ … እኔ ስሜን ላውስዎት።» ሰማሽኝ? ስሜን ላውስዎት!

እትዬ ቶማሳ ምን ይበሉ? ስም ማዋስ ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አለ? ስም ያዋሰ ሰው ቤት አይበላም፤ እሳቸው አልበሉማ! ዕድሜያቸውን እንዲያ ኖረው ሌላውም እንዲያ የሚኖር መሰላቸው። ልጅቷን ግንባሯን ስመው ፈረሙላት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ አይደል የሚባለው? እሷ ግን የተማረች ናት፤ የሰማዩን መራቅ ብቻ ያዘች።

ክፉ ነገር አደረገች እንዳትይኝ። ኧረ ምን በወጣት! አክስቷን የባሕር ነፋስ እንዳይመታቸው አሰበችላቸው። ደረጃ እንዳያደክማቸው አሰበችላቸው። ያን በሚያህል ቤት ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ብላ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየችላቸው። እርግጥ እዚያም ደረጃ አለ … ግን የብረት ነው፣ ጠንካራ ነው። መስኮት የላትም፤ ምን ያደርግላቸዋል? ባሕሩን ዕድሜ ልካቸውን አይተውት የለ? ለገና ደግሞ ብርድ ልብስ ላከችላቸው። በዚህ ሙቀት! ሞቅ ያለ ፍቅር ማለት ይኸው ነው።

እሑድ ለት ሄጄ ፀጉራቸውን ሳጥባቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? «ኔሬይዳ፣ ልጅቷ ቤቱን መቼ ትመልስልኝ ይሆን? ሥራ በዝቶባት ነው አይደል?» አሁንም ውሰት መስሏቸዋል እኮ! «ሳሎኑ ይቅርብኝ፤ ያቺን ከማጀት ጀርባ ያለችውን ክፍሌን ብቻ። ማዕበሉን እየሰማሁ ልሙት» አሉኝ። … እዚህ ላይ አልሳቅሁም፣ አበልጄ። አለቀስኩ። ሳሙናው ዓይኔ ገባ ብዬ ዞርኩ። ያቺም ልጅ የቀብሩ ለት ማልቀሷ አይቀርም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ከአንጀት ባይሆንም ሽንኩርት አይጠፋም።

ውይ! … ሆቪታ፣ ይኼ ካስክ ጠፍቷል እንዴ? መብራት ሄደ? አይ፣ ማራገቢያው ይዞራል … መቼ ነው የጠፋው? እኔ እኮ ምስኪን፣ ሶኬቱን በእግሬ ነካሁት መሰለኝ፤ ዶን ፋኩንዶን ሳነሳ ነው እዚያ ጋ ያለፍኩት። እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ! እንዲያው ዝም ብለው ይቀመጣሉ? ትዕግሥትዎት! … አይነሱ፣ አይነሱ! ቀለሙ ገና ነው። ፊትዎ ደግሞ ቀልቷል፤ ሙቀቱ ይሆናል። ይኸው፣ ዝቅ አድርጌ ሰካሁልዎት፤ አሁን አይጮኽብዎትም። የምናወራው ስለ አንድ ቤት ነው፣ የሚያውቁትም አይመስለኝ።

የት ደረስን? አዎ፣ ቤቱ። ቤቱማ አማረ! የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ማነው? ያቺን ልጅ ያላየ። እንዴት አድርጎ አደመቃት! የጄኔራሉን ሥዕል ጣራ ሥር ከተጣለ ዕቃ መሃል አግኝታ፣ አቧራውን አራግፋ ሳሎን ሰቅላዋለች። «አያቴ ናቸው» ትላለች ለእንግዳ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ውሸቷን ነው አልልም። በምግባር ይመሳሰላሉ።

አሁን ደግሞ ባሏ ከንቲባ ልሁን ብሎ ተነሥቷል። በየአደባባዩ፣ «እኔ የድሃ ልጅ ነኝ፣ ጣራዬ እንደናንተው ያፈሳል» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በሚስቱ ስም ቪላ ሊገኝበት አይገባም፤ ያሳፍራል። ስለዚህ ምን ተፈለገ? ስም! ከተማችንን ሳን ኢላሪዮንን ዞሯት። ዓሣ አጥማጁን ቢለምኑት፣ «የኔ ስም ለእንዲህ ያለ ቤት ያንሳል» አላቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ «ይቅርታ፣ ስሜን እየተጠቀምኩበት ነው» አለች። ጎሚስታው ደግሞ፣ «እስኪ ከላይ ያሉትን አሮጊት ላማክር» አላቸው፤ ተመልሰው አልመጡም። ምን ዓይነት ከተማ ነው? ሰው ሲቸገር አያዝንም! በመጨረሻ አንቺን አገኙ። ዝምተኛ፣ ቀና፣ ለሁሉ «እሺ» የምትይ።

እኔ የምመክርሽ ምን መሰለሽ? ፈርሚ! … ምን ታፈጪብኛለሽ? መቀሱ ጆሮሽ ሥር ነው፣ አትዙሪ። ፈርሚ እንጂ። ጎረቤት ለጎረቤት ነው። ነገ ስምሽ እዚያ ወረቀት ላይ ካረፈ፣ ያቺን ከማጀት ጀርባ ያለች ክፍል ከፍተሽ እትዬ ቶማሳን ብታስገቢያቸው ማን ይከለክልሻል? የቤቱ ባለቤት? እሷማ አንቺ ነሽ! ይከሱሽ ይሆን? ጣራው የሚያፈስ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ፣ «ቪላዬን ነጠቀችኝ» ይላል? እስኪ ይበል፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄጄ እሰማለሁ። ደግሞ ክፋት እንዳይመስልሽ። ያቺ ልጅ ያስተማረችንን ነው፤ የተማረ ሰው ለሀገሩ የሚጠቅመው እንዲህ ነው።

እምቢ ብትያቸውም ጥሩ። ያኔ ሌላ ስም ይፈልጋሉ፤ በዚህ ከተማ ደግሞ የቀረው አንድ ነው። ቤት ቢያስቀምጡበት የማይበላ፣ ሳሎን አስገቡኝ የማይል፣ አንዴ አዋስኩ ካለ እስከ መቃብር የሚጠብቅ አንድ ስም። አድራሻውን ያቺ ልጅ ታውቀዋለች፤ ኪራዩን የምትከፍለው እሷው ናት። እኔ እሷን ብሆን … አይ፣ እኔማ እሷን አልሆንም፤ ምን ጭንቅላት አለኝ! ግን ብሆን፣ ዛሬውኑ፣ ግብዣው ሳይጀመር፣ በዚያ ብረት ደረጃ ወጥቼ፣ «አክስቴ፣ ቤትዎን ይረከቡኝ» እል ነበር። ለይስሙላ እንኳ ቢሆን። እሳቸው እንደሆኑ አይቆጡም። «ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ነበር እኮ» ብለው ነው ነጠላ ጫማቸውን የሚፈልጉት።

ጨረስን፤ እይው በመስታወቱ። አማረብሽ፣ እልል በይ! … ቆይ፣ ምርቃት ሳላወጣ አልሸኝሽም። ላንቺ አይደለም፣ አንቺን እግዜር አይረሳሽም። ለዚያች ልጅ ነው፤ ስናነሳት ውለን ሳንመርቃት ብንለያይ ነውር ነው።

ዕድሜ ይስጣት። ረጅም፣ ረጅም ዕድሜ። ይኼ ቀለም አልይዝ እስኪላት ትሸብት፤ ጉልበቷ እስኪዝል፣ ዓይኗ ወረቀት ማንበብ እስኪሳነው ትኑርልን። ያኔ ደግሞ ብቻዋን አትሁን። ሮጣ የምትደርስላት፣ ግንባሯን የምትስማት፣ «ደክሞዎታል፣ እኔ ልያዝልዎት» የምትላት ሰው አያሳጣት። እሷ ለአክስቷ የሆነችላቸውን ሁሉ የምትሆንላት፣ ልክ እንደ እሷው ያለች አንዲት ልጅ፣ አምላክ ይስጣት። … አሜን በይ እንጂ አበልጄ! …

እርስዎስ፣ እመቤቴ? ምርቃት ነው እኮ … አሜን ይባላል።