ስለ ግልገሉ ጩኸት የተሰጠ ማስተካከያ ቃል

የምስክሩ ስም፦ በመጀመሪያው ቃል ላይ እንደተመዘገበው
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የዱር እንስሳት ድምፅ ቀጂ
አድራሻ፦ በጥብቅ ደኑ መግቢያ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ የቤት ቁጥር 6
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ምስክር ባለፈው ማክሰኞ በዚሁ ጣቢያ የሰጠሁት ቃል ውሸት ስላለበት፣ ለማረም ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤያለሁ።

ሥራዬ በደኑ ውስጥ ዛፍ ላይ መቅረጫ እየሰቀልኩ የአጋዘኖችን ድምፅ መሰብሰብ ነው። ከድምፃቸው መፍራታቸውን፣ መታመማቸውን፣ መራባቸውን እንለያለን። አንዳንድ ጊዜ የግልገል ጩኸት በድምፅ ማጉያ እናሰማና ስንት እናቶች እንደሚመጡ እንቆጥራለን። እናት አጋዘን የግልገል ጩኸት ከሰማች ግራ ቀኝ አታይም። ስለዚህ በመንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ሳይቆም ማጉያው አይከፈትም፤ ከግማሽ ደቂቃ በላይም አይሰማም። ይህን ደንብ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሊጠይቀን መጣ። የእኔ ሥራ ከተነሳ ይህ ሰው አፉን አይሰበስብም። «አንተ አጋዘን ስታዳምጥ ደመወዝ ይቆረጥልሃል፤ እኔ እህቴን ሃያ ዓመት ሳዳምጥ ማን ከፈለኝ?» ብሎ በባለቤቴ ፊት ሲስቅብኝ ደሜ ፈላ። ላሳየው ብዬ ማጉያውን ይዤ ወደ መንገዱ ዳር ወሰድኩት። ባንዲራ የሚይዝ ሰው አልጠራሁም። ይህም ሳያንስ፣ ሌላ ጩኸት ሞልቶ ሳለ፣ ጆሮዋ ስለተቆረጠ «ቆራጣዋ» የምንላትን አጋዘን የራሷን ግልገል ድምፅ መረጥኩ። ግልገሉ ባለፈው ክረምት ሞቷል። የመረጥኩት መምጣቷ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው። ይህን ስናገር መርማሪውን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

መጣች። መንገዱን ስታቋርጥ አንድ ወተት የጫነ መኪና ገጫትና እሱም ቦይ ውስጥ ገባ። እኔ ለመርዳት ከመሮጥ ይልቅ ማጉያውን በጃኬቴ ጠቅልዬ ደበቅሁ። የባለቤቴ ወንድም ያን ጊዜ አልሳቀም። «ዝም በል፤ እኔም ዝም እላለሁ» አለኝ።

የመኪናው ሹፌር በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተዋል ተብለው ሲያዙ፣ «ኧረ ልጆቼ፣ ከጫካው የሚያለቅስ ነገር ሰምቼ ቀስ ብዬ ነበር» እያሉ ነበር። ማክሰኞ ጩኸት ሰምቼ እንደሆነ ስጠየቅ ምንም አልሰማሁም፣ መኪናው ይበር ነበር ብዬ ፈረምኩ። ሥራዬ መስማት ስለሆነ እኔ ታመንኩ፤ እሳቸው ታሰሩ።

ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በቦታው ሰቅዬው የነበረውን መቅረጫ የቀዳውን ላጠፋ አወረድኩት። ከማጥፋቴ በፊት አዳመጥኩት። የመኪናው ሞተር ሲቀንስ፣ ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ሲጮህ፣ ፍሬኑ ሲያፏጭ ይሰማል። ከግጭቱ በኋላ ማጉያው አርባ ሰከንድ ሳይዘጋ ቆይቷል። ያን ሁሉ ጊዜ ግልገሉ ይጮኻል፤ ቆራጣዋም አስፋልቱ ላይ ወድቃ ትመልስለታለች። እናቶች ወደ ግልገላቸው ሲሮጡ የሚያሰሙት፣ እኛ በመዝገባችን «የመጣሁ ድምፅ» የምንለው ነው። የተቀዳውን ማጥፋት አልቻልኩም።

ለባለቤቴ ስነግራት «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሂድና ሰውየውን አስፈታ፤ ወንድሜንም እንዳትሸፍንልኝ» አለችኝ።

መቅረጫውን ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። መርማሪው እዚሁ ክፍል ሲያሰማው፣ ሹፌሩ ከግድግዳው ማዶ ከታሰሩበት ክፍል «ይኸው! እሱ ነው! አላልኳችሁም?» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው የለቅሶ ነበር። ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግሁ፤ ግን ከወንበሬ መነሳት አፈርኩ።

ሹፌሩ ጥፋት የለባቸውም። አጋዘኗን መንገድ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። የማክሰኞው ቃሌ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። ይህ ቃል ተነቦልኝ በራሴ ጆሮ ሰምቼዋለሁ፤ ማክሰኞ አልሰማሁም ያልኩትንም ሰምቼው ነበር። እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________