አባዬ ቁጭ በል

በእኛ ጊዜ፣ እኛ ባደግንበት ዘመን ማለቴ ነው፣ ሰው ወደ አንተ ሲመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ትልቅ ሰው ከመጣ ትነሳለህ። የመንግሥት ሰው ከመጣማ ብድግ ብለህ፣ ኮፍያህን አውልቀህ ጎንበስ ትላለህ። ሳቁ፣ እናንተ ልጆች፣ ግድ የለም ሳቁ። እኔን ግን ያቺ ብድግ ማለት ልታስገድለኝ ነበር፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ያኔ ሪከንባከር አየር ማረፊያ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳ ነበር። ልጄን ሊዲያን፣ ያኔ ሃይስኩል ናት፣ እዚያ ጋሃና ሰፈር ካለች ጓደኛዋ ቤት ይዣት ስመለስ ከኋላዬ ያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩ። ታዲያ ፖሊሱ ከመኪናው ሲወርድ በመስታወት አየሁት፣ አየሁትና ምን አልኩ? «ይሄ ሰውዬ በእግሩ እየመጣ እኔ ተንሰራፍቼ ልጠብቀው ነው እንዴ? ነውር አይደለም?» አልኩና በሩን ከፍቼ ብድግ! ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ደግሞ ላይሰንሴን ላውጣለት ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። እስቲ አስቡት! ወደ ኪሴ!

«ሃንድስ! ሃንድስ!» ሲል ቀና ብል ሽጉጡን ደረቴ ላይ አነጣጥሯል። ነጭ ነው፣ ወጣት ነው፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ በድንጋጤ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶኝ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ ጌታዬ» እላለሁ፣ በአማርኛ! ልጄ ከውስጥ «ዳድ! ቁጭ በል! አባዬ ቁጭ በል!» እያለች ትጮኻለች። አስፋልቱ ላይ አንበረከከኝና እጄን በካቴና አሰረኝ፣ ልጄ እያየች። ኋላ ነገሩ ሲጣራ ምን ሆኖ ነው? የኋላ መብራቴ አንዱ ተቃጥሎ ኖሯል። ይኸው ነው። ፈታኝና «ሁለተኛ ከመኪናህ እንዳትወርድ» ብሎኝ ሄደ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ስለሱ አልተነጋገርንም። ልጄ መኪናዬ ውስጥ ስትገባ ጆሮዋን በዚያ በሙዚቃ ማዳመጫ ትደፍናለች፣ ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች። አፈረችብኝ አልኩ። አባቷን ተንበርክኮ አይታ ናቀችኝ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሽጉጡ ይልቅ እሱ ነው ያመመኝ።

ሥራ ቦታ ለአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጓደኛዬ ብነግረው ጭንቅላቱን ያዘ። «ወረድክ? አንተ ሰውዬ፣ ወረድክ? እኔን እኮ እናቴ ፖሊስ ሲያስቆመኝ እንዴት እንደምቀመጥ ያስተማረችኝ የጫማ ክር ማሰር ሳልችል ነው!» አለኝ። «እኔ እኮ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ የእናንተና የነጮቹ ጣጣ አይመለከተኝም» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «ፖሊሱ ፓስፖርትህን አይቶ ነው ሽጉጡን የመዘዘው?» አለኝ።

እና ልጄ ኮሌጅ ገባች፣ ራፕ ጀመረች። እኔ ራፕ ሲባል ጠብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የኮሚኒቲያችን ሊቀመንበር ጋሽ በቀለ ኮል አደረገልኝ። «ስማ፣ ሊዲያ ለአዲስ ዓመት በዓላችን ስለ ፖሊስ ልትዘፍን ነው አሉ። በር ላይ እኮ ራሳችን የቀጠርነው ፖሊስ ይቆማል! ጠብቀን ብለን አምጥተን ልንሰድበው ነው? ለሚመጣው ዓመት ማን ይመጣልናል? ምከራት እንጂ!» አለኝ።

ልመክራት ወደ ክፍሏ ሄድኩ። «እስቲ አሰሚኝ» አልኳት። «አትወደውም ዳድ» አለች፣ ግን ከስልኳ ከፈተችልኝ። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ግማሹ አልገባኝም። መሃል ላይ ግን በአማርኛ፣

«አባዬ ቁጭ በል፣ አባዬ ቁጭ በል፣
አክብሮትህን አያውቁትም፣ አባዬ ቁጭ በል» አለ።

እንባዬ መጣ። «እኔ እኮ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት» አልኳት። «ባንተ? ዳድ፣ ባንተ?» አለች፤ «በራሴ ነው እንጂ! መጮህ ብቻ፣ ወጥቼ ከጎንህ መቆም አልቻልኩም» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ታዲያ ለጋሽ በቀለ መልሼ ደወልኩለት። «መክሬያታለሁ» አልኩት። «ተባረክ! ምን አልካት?» አለኝ። «ማይኩን ጠጋ አድርገሽ ያዢ፣ ቃሉ በደንብ ይሰማ አልኳት» አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ!

የበዓሉ ቀን ዘፈነች። ወጣቱ ይዘላል፣ የእኛ የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ጸጥ ብሏል። ያ የአማርኛው ሲመጣ ግን ጋሽ በቀለ ራሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ዘፈኑ ሲያልቅ በር ላይ የቆመው ፖሊስ፣ ጥቁር ነው፣ ግዙፍ ሰው ነው፣ ወደ እኛ ጠረጴዛ መጣ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ብድግ ልል ስል ልጄ ከመድረክ በማይክ «አባዬ ቁጭ በል!» አትልም መሰላችሁ? ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሰውዬው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ያ የምትደጋግመው ምን ማለት ነው?» አለኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሰማኝ፣ ሰማኝና «እኔም ዩኒፎርሜን አውልቄ ስነዳ እንደዚያው ነኝ። ካስቆሙኝ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ነው የምጠብቀው» አለኝ። እሱ! ፖሊሱ! ሊሄድ ሲነሳ እኔም ተነሳሁ። ያን ጊዜ ማንም ቁጭ በል አላለኝም። ቀኜን በግራዬ ደግፌ ሰጠሁት፣ እሱም እኔን አይቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ዘፈኑ ፖሊስን ሁሉ ለወጠ ወይ? የለም፣ አልዋሻችሁም። እኛን ግን ለውጦናል። ጋሽ በቀለ ባለፈው ግሮቭ ሲቲ ላይ አስቁመውት፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ «አባዬ ቁጭ በል» እያለ ሲያንጎራጉር ነው ፖሊሱ የደረሰው። ሊዲያ ይሄን ስትሰማ «ዳድ! ይሄ የተቃውሞ ዘፈን ነው እንጂ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት አይደለም!» ብላ ተቆጣች።

«ጋሼ፣ ታዲያ አሁን ፖሊስ ቢያስቆምዎት?»

ጥሩ ጠየቅክ አንተ ልጅ፣ ቁጭ ነዋ! ልጄ ሁለተኛ እንደዚያ እንድትጮህ አልፈልግም። ግን አንድ ቀን፣ የእሷ ልጅ ዘመን ላይ እንኳ ቢሆን፣ ሰው ለሰላምታ ብድግ ቢል የማይገደልበት ቀን ይምጣ ነው የምለው። እስከዚያው ግን፣ ስማ አንተ ጠያቂው፣ መኪናህን ይዘህ ስትገባ አይቻለሁ፤ የኋላ መብራትህ አንዱ አይበራም።

«ውይ! ጋሼ ይሙቱ፣ ዛሬውኑ አስቀይረዋለሁ!»