ስለ ፓምፑ ቤት በር መሰበር

የምስክርነት ቃል

የምስክሯ ስም፦ በዋናው መዝገብ የተያዘ። በሰፈሩ «ደወል» በሚል መጠሪያ ይታወቃሉ።
ዕድሜ፦ ሃምሳ ሦስት። (ምስክሯ «ሃምሳ ብትለው ምን ትሆናለህ» ብለዋል።)
ሥራ፦ ዓሣ ጠብሶ መሸጥ
አድራሻ፦ ሐይቅ ዳር፣ ከጀልባ ማቆሚያው ቀጥሎ ያለው ቤት
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል
ቃሉን የተቀበለው፦ የጣቢያው ተረኛ መርማሪ

እኔ ማንነቴና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁትም የከተማችን ምክር ቤት አባል የሆነው ሰዓት ሠሪ፣ ማክሰኞ ዕለት «የእሳት ማጥፊያ ፓምፑን ማከማቻ በር የሰበርኩት እኔ ነኝ» ብሎ እዚሁ ጣቢያ ቃል መስጠቱን ስለሰማሁ ነው። ሰውየው አልሰበረም። የሰበርኩት እኔ ነኝ። በወንጀል የተጠረጠረ አባል ጉዳዩ እስኪለይ ድረስ ከምክር ቤት ወንበሩ እንደሚነሳ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የመንግሥት በር ሰበርኩ ብዬ ካመንኩ የንግድ ፈቃዴን ላጣ እንደምችል መርማሪው አስረድቶኛል። ገብቶኛል፣ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ከሰዓት ሠሪው ጋር እሳትና ጭድ ነበርን። ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ሐይቁ አረንጓዴ ሆኖ በሸተተ ጊዜ ነው። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ማንም የሐይቅ ዳር ነጋዴ ዓሣ የተጠበሰበትን ዘይትና የዕቃ እጣቢ ወደ ሐይቁ እንዳይደፋ ወሰነ። ዘይቱን በበርሜል አጠራቅመን ከቤታችን ኋላ እንድናስቀምጥና የማዘጋጃ ቤቱ መኪና እየመጣ እንዲወስደው ተባለ። ሐሳቡን ያመጣው ሰዓት ሠሪው ነው። መኪናው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። የእኔ በርሜል የተቀመጠው አማቴ ከምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው፤ አማቴ አልጋ ከያዘች ቆይታለች።

በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ይኼ ሰውዬ በሰዓት መነጽሩ ሐይቁን ብቻ ነው የሚያየው፣ የኛን ሆድ ማን ይይልን?» ብያለሁ። «አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳላየው አልሞትም» ብያለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ሰምቷል፣ አልክድም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ስሰድበው እርስዎ እያለ የሚመልስልኝ ነገር ነው። «የርስዎን ቅሬታ በአጀንዳ እናስይዘዋለን» ይለኛል። እኔ ለመጣላት መጥቼ አጀንዳ ያስይዘኛል!

ፓምፑን በተመለከተ፣ ምክር ቤቱ ሊገዛው ሲወያይ አጥብቆ የተቃወመው ይኸው ሰዓት ሠሪ ነበር። የሚያንቀሳቅሰው የሠለጠነ ሰው ሳይኖር ፓምፕ መግዛት አሻንጉሊት መግዛት ነው አለ። ይህንን ለማስረዳት የፓምፑን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አጥንቶ መጥቶ፣ ገጽ እየገለጠ ሲያነብ ግማሹ ተሰብሳቢ አንቀላፍቷል። ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፈ። እኔ አጨበጨብኩ። እሱ ግን ዝም አላለም፤ «እንግዲያው ማንም አውጥቶ የጓሮ አትክልቱን እንዳያጠጣበት» ብሎ ፓምፑ ያለ ዕቃ ቤት ኃላፊው ቁልፍና ያለ ሁለት የምክር ቤት አባላት ፊርማ እንዳይወጣ አስወሰነ።

እሳቱ የተነሳው ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ነበረ። ከምድጃዬ ፍም ተነስቶ በርሜሉ አጠገብ በከመርኳቸው ዘይት የጠጡ ጆንያዎች ላይ ወደቀ። የከመርኳቸው እኔ ነኝ፣ ሰበብ የለኝም። ጭሱን ሳይ ቀልቤ ተገፈፈ። ባለቤቴና ጎረቤታችን ጀልባ ቀዛፊው አማቴን ከነአልጋዋ ተሸክመው አወጧት። አማቴ ጆሮዋ ስለሚከብድ የሰዉን ጩኸት አልሰማችም፤ አልጋዋ ላይ እንዳለች «ምን ዓይነት ዓሣ ብትጠብሺ ነው እንዲህ የሚጨሰው?» አለችኝ። በዚያ ሰዓት ሳቄ መጣ። እሷ ደኅና ወጣች፤ እሳቱ ግን ወደ ጎረቤቶቼ ቤት ዞረ። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ቤቶች ሁሉ በውሳኔው መሠረት ከኋላቸው የዘይት በርሜል አላቸው፤ አንዱ ከተያያዘ ሰፈሩ ሙሉ ይሄዳል።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ፓምፑ ቤት ሮጥኩ። እንጨት የምፈልጥበት መጥረቢያ እጄ ላይ መኖሩን ያወቅሁት እዚያ ስደርስ ነው። ሰዓት ሠሪው ሱቁ ፊት ለፊት ስለሆነ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል። ያ የሚያይበት መነጽር ግንባሩ ላይ እንዳለ ነው። ለዕቃ ቤት ኃላፊው ስልክ ይደውላል፣ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ኃላፊው ለካ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ሐኪም ፊት አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ከዚያ ሰው ጋር መነጋገር ግድ ሆነብኝና «ክፈተው!» አልኩት።

«ቁልፉ የለም እትዬ። ፊርማም ያስፈልጋል፤ እኔ አንድ ነኝ፣ ሁለተኛ አባል...» አለ።

«የማን ሕግ ነው?»

«የእኔ» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም፣ አሳዘነኝ።

«ዞር በል» አልኩት። መጥረቢያውን ሳነሳ የተናገረው ነገር «እጅዎን እንዳይጎዱ» የሚል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ምት እንጨቱ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ማንጠልጠያው ከነጓጉንቸሩ ወደቀ። ሦስተኛው አያስፈልግም ነበር፤ የመታሁት ተናድጄ ነው። (ምስክሯ ይህ እንዳለ ይጻፍልኝ ስላሉ እንዳለ ተጽፏል።)

ፓምፑ ጎማ ስላለው እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን ቁልቁል ወደ ሐይቁ አወረድነው። ያ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰውዬ እሳቱ ጋ ስንደርስ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ዘይቱ ላይ ውኃ እንዳትደፉ! ለዘይቱ አሸዋ! ውኃውን ጣሪያና ግድግዳ ላይ!» ይል ነበር። ቀዛፊው ባልዲውን አንስቶ ሊደፋ ሲል በአየር ላይ አስቀረው። በኋላ እንደሰማሁት ውኃ የሚነድ ዘይት ላይ ቢደፋ እሳቱን ይረጨው ነበር። ሊቃወመው ብሎ ያጠናው መመሪያ ሁሉ ከአፉ እየወጣ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ! ቱቦውን ያዢ፣ እንዳትለቂ!» አለኝ። አንቺ አለኝ። ያን ጊዜ ሰው ሆነልኝ።

የመሳቢያውን ቧንቧ ሐይቁ ውስጥ ከትቶ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሲስብ ፓምፑ አሳለና ዝም አለ። ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር አዞረና እንደገና ሳበው፤ ፓምፑም አጓራ። ቱቦው እጄ ላይ ሊያመልጠኝ ሲፍጨረጨር ባለቤቴ መጥቶ ከኋላዬ ያዘልኝ። ሳልጠየቅ የምጨምረው አለ፦ ውኃው ንጹሕ ነበር። ቀዛፊው እንዳለው፣ አምና በዚያው ቦታ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ አረንጓዴ አተላና ፌስታል ውጦ ይታነቅ ነበር። ይህን ማለት ይመረኛል፣ ግን እውነት ስለሆነ ይጻፍ።

እሳቱ ጀንበር ሳትጠልቅ ጠፋ። የተቃጠለው የእንጨት ማስቀመጫዬ፣ ጆንያዎቹና አንድ በርሜል ብቻ ነው። ሰው አልተጎዳም። ሁላችንም ጥላሸት ለብሰን ሐይቁ ዳር ተዘርግተን እርስ በርስ እየተያየን ስንስቅ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊው ጉንጩ አብጦ፣ አፉ ውስጥ ጥጥ ይዞ መጣ። አንዱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ሰዉን በሳቅ ጨረሰው። ኃላፊው በሩን ሲያይ መናገር ስላቃተው በጣቱ ብቻ ጠቆመ። ወደ ጣቢያ ሄዶ ማመልከቱ የሥራ ግዴታው ስለሆነ አልቀየምኩትም።

ሰዓት ሠሪው ጥፋቱን በራሱ ላይ ማድረጉን የሰማሁት ትናንት ረቡዕ ጠዋት ከቀዛፊው ነው። ሌሎቹ ዓሣ ጠባሾች ደስ አላቸው። የፊታችን ቅዳሜ ምክር ቤቱ የዘይት በርሜሉ ውሳኔ ይቀጥል ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ እሱ ወንበሩ ላይ ከሌለ ውሳኔው እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል። «ሳይደግስ አይጣላም፤ ዝም በይ፣ ሰውዬው ይነሳልን፣ ዘይታችንን እንደ ድሯችን እንደፋለን» አሉኝ። አልዋሽም፣ መጥበሻዬን እያጠብኩ ነገሩን አጣጥሜዋለሁ። ጣፍጦኝም ነበር። ከዚያ እጣቢውን ይዤ ወጥቼ ሐይቁን ሳየው ራሴን ተጸየፍኩ።

በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄጄ «ማን ለምኖህ ነው?» አልኩት። ከያዘው ሰዓት ላይ ቀና እንኳ አላለም።

«እርስዎ ፈቃድዎን ቢነጠቁ ቤተሰብዎ ጾሙን ያድራል። እኔ ወንበር ባጣ ምንም አልሆንም» አለኝ።

«በሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ!»

«ሕጉን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ያ በር የተቆለፈው በእኔ ነው፤ አማትዎ እዚያ ውስጥ ቢቀሩ ኖሮ ምን እል ነበር?» አለና ድምፁ ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ። ይጻፍ፣ አላፍርበትም።

መርማሪው ሰዓት ሠሪው በሩን እንድሰብር አዞኝ እንደሆነ ጠይቆኝ አላዘዘኝም ብያለሁ። ማስረጃ አለሽ ወይ ስባልም መጥረቢያዬን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስለቱ የበሩን ብረት ሲመታ መሸረፉን መርማሪው አይቷል። ይህ ካልበቃ ሁለታችንንም አንድ አሮጌ በር ፊት አቁሙንና መጥረቢያ ስጡን ብያለሁ። ያ ሰውዬ መጥረቢያ ቢሰጡት በየት በኩል እንደሚያዝ ይጠይቃል። መርማሪው አያስፈልግም አለ፤ ቀረብኝ።

የምጠይቀው፣ ቅዳሜ ሰዓት ሠሪው ወንበሩ ላይ እንዲገኝ ነው። እኔም እሄዳለሁ። መኪናው ቀን ተቆርጦለት ካልመጣ፣ በርሜሉም ከቤት ራቅ ካላለ አልቀመጥም ብዬ እሞግተዋለሁ። እሱ ከሌለ ከማን ጋር ልከራከር? ሌሎቹ ያንቀላፋሉ። የበሩን ቅጣት እኔ እቀበላለሁ፤ ፈቃዴ ቢነጠቅም የባለቤቴን መረብ እየጠገንኩ እኖራለሁ። ልቤ ግን ዛሬ ቅቤ ጠጥቷል።

ይህ ቃል ቃል በቃል ተነቦልኝ፣ እኔም ሁለት ቦታ አስተካክዬ፣ ያልኩት ይኸው ነው ብዬ ተቀብያለሁ። የእኔ ቃል እውነት ነው። የሰዓት ሠሪው ቃል ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑ ይመዝገብ፣ ወረቀቱ ግን እንዳይቀደድ አደራ ብያለሁ። በዕድሜዬ ለእኔ ብሎ የዋሸልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የምስክሯ ፊርማ ____________

የመርማሪው ፊርማ ____________