ሽቦ የሌለው ሳይረን

በደርግ ጊዜ ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል በውይይት ታክሲ ስንወርድ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛና አንዲት እናት ያወራሉ።

«የማተሚያ ቤቱን የአደጋ ሳይረን ተክዬ መምጣቴ ነው። ዘበኛው አንድ ቁልፍ ሲጫን፣ ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ፣ ጣሪያው ሁሉ ይጮኻል።»

«እሪ በከንቱ ያለው ማተሚያ ቤት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሪ በከንቱ ላይ እሪታ ተከልኩ በለኛ!»

«ይሳቁብኝ፣ ግዴለም። እሳት ቢነሳ ግን ሁሉም ሰምቶ ይወጣል።»

«ባለቤቴ አይሰማማ። ማሽኑ ሥር ኖሮ ኖሮ ጆሮው ደንቁሯል።»

«ምድር ቤት ያሉት አባባ? ስጠራቸው ዝም ሲሉኝ፣ ኮሩብኝ ብዬ!»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያ ሲጮህ አብሮ የሚበራ ቀይ መብራት ፊታቸው መሰቀል አለበት። ወራጅ አለ!»

ሰውየው ዳገቱን መልሶ ሲወጣ በመስኮት እያየሁ፣ የእኔ መውረጃ አለፈኝ።