ሃዋ አበላሸችው የተባለው ወተት

አካም ጂርቱ ኦቦ ኢተፋ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ሻይ ይጠጡ። የሱሉልታ ብርድ እንዴት ነው? የእኛ ሰበታማ ሞቅ ብሏል… በተለይ ይሄ ክበብ፣ በተለይ ከጀርባችን ያለው ጠረጴዛ። የአንዱ ልጅ ተመርቃ ሰኞ ቡራዩ ሥራ ትጀምራለች አሉ። እሰየው ነው።

እርስዎ የወተት መኪናዎን ነው የሚያውቁት፣ ታድለዋል። የሱሉልታዋ ሃዋ ግን ወተት ተረክባ መኪና የምትለቅበት ሲስተም ያለው እዚህ ዋናው ቢሮ ነው። የሚያገናኛት ቪፒኤን የሚሉት መስመር ነው፤ በየዓመቱ ጊዜው ያልቃል፣ በአዲስ ፋይል ይታደሳል። የሚያድስልን ደግሞ አንድ ጥንቁቅ ሰው አለን። ምን ዓይነት ጥንቁቅ መሰለዎት… አዲሱን ፋይል ሌባ እንዳያገኘው ብሎ ዋናው ቢሮ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠላት። ፎልደሩ ከሱሉልታ የሚከፈተው በምንድን ነው? በዚያው ጊዜው ባለቀበት መስመር። ሌባም አላገኘው፣ ሃዋም አላገኘችው። እንዲህ ያለ ጥበቃ የት ይገኛል?

አሥራ አንድ ጊዜ ደወለችለት። እሱ ቡራዩ ስለ ጥንቃቄ ሥልጠና እየሰጠ ነበር፣ ስልኩን ዘግቶ። ጨዋ አሠልጣኝ እንዲህ ነው። እርስዎም ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆመው ወተቱ ተበላሸ።

ከዚያ ይኸው ጥንቁቅ ሰው ደብዳቤ ጻፈ። መዝገብ ቤት ስለሆንኩ ቁጥር የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ‹‹ፋይሉን በወቅቱ ባለማውረዷ›› ይላል። ዛሬ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሃዋን ለማባረር ተቀምጧል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እንሰማ ነበር፤ አህያው ራሱ ዳውላውን ሲከስ ግን ያየነው እዚህ ነው… ምን ያስደነግጥዎታል ኦቦ? ተረት ነው የተረትኩት። ስም ጠራሁ?

አንጀቴ አርሮ ነው። ሃዋ እኮ ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች። ኮሚቴው ፊት ‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው›› ማለት ይበቃ ነበር፤ ግን ትሑት ሰው ስለ ራሱ ማውራት አይወድም።

በሉ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ። ሳልነሳ ግን ያቺን ሰኞ ሥራ የምትጀምረውን ልጅ ልመርቃት። እግዜር እንጀራዋን ያብዛላት፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራት። አለቃም ሲሰጣት… ልክ እንደ አባቷ ያለውን ይስጣት።