ሉብና ያወደሰችው ክሬም

በመክነስ ከተማ አሮጌው ሰፈር ውሃ ከተቋረጠ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ላላ ባቱል ልጃቸውን ከተኛችበት ቀሰቀሷትና ባልዲ አስያዟት። ባልዲው ውስጥ ለሐማም፣ ለሰፈሩ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ የሚሆን ፎጣና ጥቁር ሳሙና አለ።

«ሂጂ ሐማም ታጥበሽ ነይ፤ እዚያ የጉድጓድ ውሃ አለ። የሴቶቹ ሰዓት ደርሷል።»

«እማ፣ ሰው ያየኛል» አለች ሉብና ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ እየሳበች።

«ይይሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሸፋፍነሽ ተኝተሽ ምን አተረፍሽ?»

ሉብና የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ስልኳ ፊት ተቀምጣ ስለ ቅባት፣ ስለ ሽቶና ስለ ልብስ ታወራለች፤ ሦስት መቶ ሺህ ሰው ይከተላታል። ወሬዋ ይጥማል። «እኅቶቼ» ስትል የምትሰማት ሴት ሁሉ እውነተኛ እኅቷ የሆነች ይመስላታል። ከሁለት ወር በፊት አንድ ኩባንያ ማድያት ያጠፋል ያለውን ክሬም ላከላት። እሷም ብልቃጡን ጉንጯ ላይ አስደግፋ፣ «አንድ ወር ሙሉ ተጠቀምኩበት፤ ይኸው ፊቴን እዩት። ማታ ተቀቡና በማግስቱ ሐማም ግቡ፣ እንፋሎቱ ያሠራዋል» አለች። ብልቃጡ እጇ ከገባ ያን ጊዜ ሁለት ቀኑ ነበር። ፊቷ ያማረው ደግሞ እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ በሚቀቧት የወይራ ዘይት ነው።

ሴቶቹ ገዙ፣ ተቀቡ፣ ሐማም ገቡ። የአንዳንዷ ፊት ቀላ፣ የሌላዋ ተላጠ። ስድቡና እሮሮው ስልኳ ላይ ሲጎርፍ ሉብና ቪዲዮውን አጠፋች፣ የጻፈላትን ሁሉ ሳታነብ ብሎክ አደረገች፣ ከዚያም የራሷን ቤት ቆልፋ እናቷ ቤት ገባች። በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቿ የመከሯት እንዲህ ነበር፤ ዝም በይ፣ በሳምንቱ ሌላ ወሬ ይመጣል። የዚህ ሥራ ሰዎች ብልሃት ነው ብለው የያዙት ይህን ነው። ብልሃት ሳይሆን ክፉ ልማድ መሆኑን ሉብና የተረዳችው በዚያን ዕለት፣ ሐማም ወለል ላይ ነው።

ኩልም ቀለምም ስለሌለኝ ማንም አያውቀኝም ብላ ገባች። ትኩሱ ክፍል ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። እዚያ ብቻዋን የመጣች ሴት አጠገቧ ያለችውን «ጀርባዬን ፈትጊልኝ» ትላለች፤ የተለመደ ነው፣ ግን ለማያምኑት ሰው አይባልም። ሉብና ማንንም ሳትጠይቅ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«ነይ፣ ተኚ እዚህ» አለ አንድ ድምፅ። ሚ ያምና፣ እማማ ያምና እንደማለት፣ ነበሩ፤ ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ሐማም ሴቶችን እያጠቡ የኖሩ እናት። ሻካራውን ጓንት አጥልቀው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል።

«አወቁኝ እንዴ፣ ሚ ያምና?»

«በአርባ ቀንሽ ያጠብኩሽ እኔ ነኝ። ይሄን ትከሻሽ ላይ ያለውን ምልክት ካንቺ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ተኚ።»

ተኛች። አሮጊቷ ይፈትጓት ጀመር። ሉብና እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «ዛሬ ሰው የለም። ድሮ እርስዎ ጋ ለመታጠብ ወረፋ አልነበረም እንዴ?» አለች።

«ነበር። አሁን ወረፋው የታችኛው ሐማም ነው።»

«ምነው?»

«ባንቺ ምክንያት ነዋ።» ጓንቱ አላቆመም። «ክሬሙን ይዘው መጡ። "ሚ ያምና፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ማንበብ አልችልም። "የባቱል ልጅ ደህና ነው ካለች ደህና ነው፤ በእጄ ያደገች ልጅ ናት፣ አትዋሽም" አልኳቸው።»

ሉብና ልትነሳ ስትል ሰፊው መዳፍ ወደ ወለሉ መለሳት። «ቆዪ፣ አልጨረስኩም።»

ሉብና ስትሰደብ ከርማለች፤ ስድቡ ሁሉ ተደምሮ «አትዋሽም» የምትለዋን ቃል ያህል አላሳፈራትም። ሆኖም ያፈረ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ምክንያት ነውና እሷም ምክንያቷን አወጣች።

«ሚ ያምና፣ ክሬሙን እኮ እኔ አልሠራሁትም። የሠራው ኩባንያው ነው።»

«እኔም አልሠራሁትም። ግን እኔ ደህና ነው ብዬአቸው የተቀቡት ሃያ ሦስት ሴቶች ናቸው። የዘጠኙ ቤት ሄጃለሁ። ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ የቀረውንም በጨረስኩ ነበር።»

«ሄደው ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? "ሳላውቅ ደህና ነው አልኳችሁ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩ። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ፣ አንዷ ሻይ አፈላችልኝ። በሁለቱም አልፈርድም።»

«እኔንም እኮ አታለውኛል። ከዕፅዋት የተሠራ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ብለው ነው የላኩልኝ።»

«እሺ፣ አታለሉሽ እንበል። አንድ ወር ተጠቀምኩበት ያለውም ኩባንያው ነው?»

ሉብና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሐማም ግቡበት ያለውስ?»

«እሱን...» አለች ሉብና ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፍታ። «እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ወረቀታቸው ላይ አልነበረም። የአገራችን ሴት ሐማም ትወዳለች፣ ለወሬው ያምራል ብዬ ነው።»

ሚ ያምና ጓንታቸውን አጠቡ። የተጎዱትን ሴቶች የሚያክመው ሐኪም የነገራቸው ይህንኑ ነበር፤ ክሬሙ መጥፎ ነው፣ ፊት የሚልጠው ግን እንፋሎቱ ሲጨመርበት ነው ብሎ። አሮጊቷ ይህን ከሉብና አልደበቁም፤ ጮኸውም አልነገሯት። በወትሮው ድምፃቸው ነገሯት።

«በዚህ ሥራ ያለው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ሚ ያምና» አለች ሉብና ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ጽፈው ይልኩልናል፣ እኛ እናነባለን። የሚያየውም ሰው ማስታወቂያ መሆኑን ያውቃል።»

«እኅቶቼ አትበያቸዋ ታዲያ። ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሚጮኸውን ሰውዬ ማንም አያምነውም፤ ይሰማዋል፣ ያልፈዋል። አንቺን ግን እኅታችን ብለው ነው የሰሙሽ። ሲገዙ እኅት፣ ሲቃጠሉ ባዳ ይሆናሉ?» ካሉ በኋላ ተናደዱና ጨመሩ፤ «ለነገሩ ጥፋቱ የዚያ ስልክ ነው። ወርውሪውና እረፊ።»

«እሱ ላይ እንኳ ልክ አይደሉም። አምና ብርዱ ሲጠና ተራራ ላይ ላሉት ሰዎች በሁለት ቀን አንድ መኪና ሙሉ ብርድ ልብስ የሰበሰብኩት በዚሁ ስልክ ነው።»

አሮጊቷ ጓንታቸውን ጨመቁ። «እውነትሽን ነው። እኔም ብርድ ልብስ ሰጥቻለሁ። ለብርድ ልብሱ የሠራ ስልክ ለይቅርታው ሲሆን ምን አሰነፈው?»

ሉብና፣ ይከሱኛል ብዬ ፈርቼ ነው፣ ስሜም ይጠፋል፣ ልትል አፏን ስትከፍት የክፍሉ በር ተንኳኳና አንዲት ልጅ ገባች። በዚያ ሁሉ ሙቀት ፊቷን በቀጭን ሻሽ ሸፍናለች። ሱካይና ናት፤ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው የልብስ ሰፊው ልጅ። ሚ ያምና ተነሥተው ለብ ያለ ውሃ ቀላቀሉላት፤ ትኩስ አይነካትም። ልጅቷ ሻሿን ስትፈታ ጉንጮቿ ላይ ቆዳው ተልጦ ቀይና ነጭ ሆኖ ታየ።

ሱካይና ሉብናን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩልሽ።»

«ስድብ መስሎኝ... አላነበብኩትም።»

«አልሰደብኩሽም» አለች ሱካይና። «ሐኪሙ ክሬሙ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቅኩ በግምት ነው የማክምሽ አለኝ። ብልቃጡ ላይ የዕፅዋት ቅመም ከማለት ሌላ ምንም አልተጻፈም። አንቺ ሰዎቹን ስለምታውቂያቸው ጠይቂልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። በአሥራ ሁለተኛው ብሎክ አድርገሽኛል።»

«ሠርግሽ...» አለች ሉብና። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሠርግ ነበር።

«ባለፈው ሐሙስ ነበር የሚሆነው። ለእሱ ብዬ እኮ ነው የተቀባሁት። እጮኛዬ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፤ ፊቴን አላሳየሁትም።»

ሉብና ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀቻቸው ምክንያቶች ነበሩ፤ ያችን ፊት እያየች አንዱንም ልትናገረው አልቻለችም። አፈረች፤ ልብስ ስላልለበሰች ሳይሆን የምትሸፈንበት ቃል ስላጣች። «ዋሽቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ቀን እንኳ አልተቀባሁትም።»

ሱካይና የፈታችውን ሻሽ አጣጠፈች። «ይሄን ለእኔ ብቻ አትንገሪኝ» አለች ከዚያ። «ዑጅዳ ያለችው አክስቴ እስከ ትናንት ማታ ስትቀባው ነበር። ተይ ብላት፣ ሉብና መጥፎ ነው አላለችም አለችኝ። ቪዲዮውን አጠፋሽው እንጂ መቼ አቁሙ አልሻቸው?»

ይህን ሉብና አስባው አታውቅም። ዝምታዋ ራሷን ብቻ የደበቀ መስሏት ነበር። እሷ ተሸፋፍና በተኛችባቸው ሌሊቶች ሁሉ በሌላ ከተማ ያሉ ሴቶች መስታወት ፊት ቆመው ያንን ክሬም ጉንጫቸው ላይ ያሹ እንደነበር አሁን ገባት። ሚ ያምና ያሉት ሁሉ አሳፍሯታል፤ ከተቀመጠችበት ያስነሳት ግን ይህ ነው።

«ሚ ያምና፣ የቀሩት ቤቶች የትኞቹ ናቸው?» አለች።

«መጀመሪያ ታጠቢ፤ ሳሙናው ላይሽ ላይ ነው» አሉ ሚ ያምና።

ታጥባ ወጣችና መግቢያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ስልኳን አወጣች፤ ኩልም አልተኳለች፣ መብራትም አላስተካከለች። «እኅቶቼ ለማለት አፍራለሁ» ብላ ጀመረች። ክሬሙን በስሙ ጠራችው፣ ዛሬውኑ አቁሙ አለች፤ ገንዘብ ተከፍሏት እንደነበር፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተቀባችው፣ ሐማም ግቡበት ያለችው ከራሷ አውጥታ መሆኑን ተናገረች። ብሎክ ያደረገቻቸውን ሁሉ ፈታች። ከዚያ ክሬሙ ውስጥ ምን እንዳለ ለመጠየቅ ወደ ኩባንያው ሰው ደወለች። ሰውዬው የሥራ ምስጢር ነው አላት። «እንግዲያው እምቢ ማለትህንም እናገራለሁ» አለችውና ለተከታዮቿ ተናገረች። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ራሱ ዝርዝሩን ላከላት። ክሬሙ ውስጥ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሸጥ፣ ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ተገኘ። ወረቀቱን ይዛ ሱካይና ቤት ሄደች፤ ሐኪሙም ሕክምናውን ለወጠ።

የቀሩትን አሥራ አራት ቤቶች ከሚ ያምና ጋር፣ አሮጊቷን ደግፋ፣ በእግሯ ዞረች። ስትሰደብ ራሷን ደፍታ ሰማች። አንዲት እናት ከሴት ልጇ ፊት አቁማት፣ «በይ ለእሷ ንገሪያት» አለቻት፤ ነገረቻት። ያን ቀን መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ሚ ያምናም እስክትጨርስ ቆመው ጠበቋት።

የዚህ ነገር ጥቅሙ ምን ሆነ ለሚል፣ ይኸው። ከተከታዮቿ ብዙዎቹ ትተዋት ሄዱ፣ ሥራ የሚሰጧትም ሁለት ኩባንያዎች ራቋት፤ ይህ እውነት ነው፣ አይደበቅም። የዑጅዳዋ አክስት ግን ፊቷ ሳይላጥ ክሬሙን ጣለች፤ እንደ እሷ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶችም ጣሉ። ሐኪሞች የሚያክሙትን አወቁ። ሉብና ዛሬ ዕቃ ስታሳይ ስንት ቀን እንደያዘችው፣ ተከፍሏት እንደሆነ፣ የማታውቀው ነገር ካለ አላውቅም ብላ ትናገራለች፤ አርባ ቀን ያልሞከረችውን አታወድስም። መጀመሪያ የሳቁባት ጓደኞቿ ተመልካቾቻቸው «አንቺስ ሞክረሽዋል?» እያሉ ሲያፋጥጧቸው እነሱም ቀስ በቀስ ያንኑ ያዙ። ሰው የሚያምነው ሰው ሲያገኝ ከምንም ነገር በላይ የሚሰጠው ጆሮውን ነው፤ ያን የተቀበለ ደግሞ ነገሩ ሲበላሽ ቀድሞ ሊገኝ ይገባዋል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ሐማሙ እንደ ድሮው ሞልቶ ነበር። ሚ ያምና ጋ ወረፋ አለ፤ ሉብናም ጉልበታቸውን ልታሳርፍ ውሃ እየቀዳች ታመላልስላቸዋለች። ሴቶቹ ያናግሯታል፣ እሷ ግን ሳትጠራ አጠገባቸው አትቀመጥም።

ሱካይና ብቻዋን ገባች። ፊቷ ገና አልጠራም፣ ሻሽ ግን አላደረገችም። ሠርጉ ለመጪው ወር ተቆርጧል። ዙሪያዋን አየች፤ ሚ ያምና እጃቸው ተይዟል፣ ሌሎች ሴቶች ግን ብዙ ነበሩ። ባልዲዋን ይዛ መጥታ ሉብና አጠገብ ቁጭ አለች፤ ጓንቷን አውልቃ ዘረጋችላት።

«ጀርባዬን ፈትጊልኝ» አለቻት።

ሉብና ጓንቱን ተቀበለችና መጀመሪያ ውሃው እንዳያቃጥላት በክንዷ ሞከረችው።