ስልኩን ላውድ ላይ ያድርጉት

— ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል?

— እትዬ? እርስዎ ነዎት እንዴ? ቁጥርዎን አጥፍቼው ነበር፣ ለዚያ ነው።

— አለሁ፣ አልሞትኩም… አይ፣ አልረበሹኝም። እህቴ ጀርባዬን ቅባት እየቀባችኝ ነው። (ቀስ በይ አንቺ፣ እሱ ቁስል ገና አልደረቀም።) ይቀጥሉ፣ እሰማዎታለሁ።

— የሆስፒታሉ ዩኒፎርም? ሁለት መቶ?… ደስ ይላል። አዲሱ ቆራጭ ምን አደረገ?… ብብት ላይ ይይዛል። ነርሶቹ እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው… እና እኔ ምን ልርዳ?

— የእኔን ልኮች። ካርቶን ላይ ቆርጬ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሜን… አዎ፣ እጄ ስለነካቸው ጓሮ በርሜል ውስጥ ያቃጠሏቸውን። ቅጂ ቤቷ አስቀምጣ ይሆናል ብለው ነው የደወሉት።

— ብሩን ይተዉት እትዬ… ሄሎ? ይሰማል? እንዲህ እናድርግ። ስፌት ክፍሉ ውስጥ ነዎት አይደል? ማሽኖቹ ይሰሙኛል። ያስቁሟቸውና ስልኩን ላውድ ላይ ያድርጉት።

— ምን አደርጋለሁ፣ ሰላም ልላቸው ነዋ… ካልፈለጉ ደህና ይዋሉ… እህ። እንደዚያ ይሻላል።

— ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነኝ፣ ቆራጯ… አንተም ካውያው ጋ ነህ? ድምፅህን አወቅኩት። እስቲ ስሙኝ። ያኔ፣ ከመባረሬ በፊት፣ አፌ ውስጥ ቁስል ወጥቶ ምራቄን መዋጥ እንኳ ያቅተኝ ነበር። ቀጥሎ ጀርባዬና ደረቴ ውሃ እየቋጠረ መፈንዳት ጀመረ። ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣብቆ በውሃ እያራስኩ ነበር የማወልቀው። ፔምፊገስ ይባላል። የቆዳ ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ ሰውነቴ በሽታ የሚዋጋበት መከላከያ የገዛ ቆዳዬን ጠላት አድርጎት ነው። ቆዳን ከቆዳ የሚያያይዘውን ስፌት ይተረትረዋል። ወደ ማንም ግን አይተላለፍም… በመጨባበጥም፣ በብርጭቆም፣ በወንበርም። እህቴ ሰባት ወር ሙሉ ስትቀባኝ ይኸው ቆዳዋ የሕፃን ቆዳ ነው። (አትሳቂ።)

— አሁንማ ኪኒኑ ፊቴን አሳብጦት ብታዩኝ አታውቁኝም። ቁስሉ ግን እየሸሸ ነው። አንዳንዴ ይመለሳል። ልብሴን ልል አድርጌ እሰፋለሁ፣ ኪኒኑን በራሴ ፈቃድ አላቋርጥም፣ ከፀሐይ እሸሻለሁ። እኖራለሁ።

— አሁን ተራው የእትዬ ነው። ምን ብለው ነበር ያባረሩኝ?… አይሰማም፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ይበሉ… «ትጨርሰናለች»። አዎ። ለደንበኞችስ?… «ገላዋ እየበሰበሰ ነው»። ውሸት ነበር ይበሉ…

— ጮክ ብለው…

— እሰይ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቂም ይዤ ነው የከረምኩት፣ አልዋሽም።

— እያለቀሱ ነው? እኔ ወንበሬ በበረኪና ሲታጠብ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እዚያ አላለቀስኩም። ቤቴ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

— ቅጂው?… የምን ቅጂ? አለኝ መቼ አልኩ?… ካርቶኑ አንድ ነበር፣ እሱንም አንቺ አቃጠልሽው።

— አዎ፣ አንቺ ነው ያልኩት።

— በቃሌማ አውቀዋለሁ። የብብቱን መዞሪያ ዓይኔን ጨፍኜ እቆርጠዋለሁ… አይ። ላንቺ አልቆርጥም።

— አትለምኚኝ፣ ሠራተኞችሽ ይሰማሉ። ስልኩ ገና ላውድ ላይ ነው… ደህና ዋይ።